በማርያም ቀን የተሰማ ውቀጣ

አቶ አንዳርጌ ዕቃ ቤታቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የተመቱት ከኋላ ነው። አጠገባቸው ሦስት የተሰበሩ የነጭ ሽንኩርት መጨፍለቂያዎች ወድቀዋል፤ ደም የነካው ዘነዘና ደግሞ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተጥሏል። ዕለቱ ሐሙስ፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን 2001 ዓ.ም.፣ አስተርእዮ ማርያም ነበር።

ኢንስፔክተር ውባለም ስትደርስ የአርብ ገበያ ከተማ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ሟቹን ሃያ ዓመት ያገለገለችው አበራሽ በካቴና ታስራ ደጅ ተቀምጣለች። ስምንት ሰዓት ላይ የሚነሳው መኪና ወደ ደብረ ታቦር ሊወስዳት ነው። ከሄደች በኋላ ነገሩን መለስ ብሎ የሚያይ እንደማይኖር ውባለም ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ጥድፊያ ያናድዳታል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎረቤቱን መሪጌታ ይርጋን ነው።

«ከቅዳሴ ተመልሼ ቁጭ ብያለሁ» አሉ። «አራት ሰዓት ግድም ይሆናል። ከነአንዳርጌ ግቢ ድው፣ ድው የሚል ውቀጣ ሰማሁ። በእመቤታችን ቀን! ተናድጄ መስኮቴን ዘጋሁት።»

«አበራሽን አይተዋታል?»

«አላየኋትም። በዚያ ቤት ከእሷ ሌላ ማን ይወቅጣል?»

ስማቸው የሚባለው የሟቹ የእህት ልጅ የአጎቱን የቤት ዕቃ ሱቅ የሚያስተዳድር ጎልማሳ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«የሱቁን ቁልፍ ልወስድ ገብቼ ነበር» አለ። «የኔታ የሰሙትን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አበራሽ ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥ ነበር። አጎቴ ያን ጊዜ ደህና ነበሩ፤ ተሰናብቻቸው ወጣሁ።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«ማንም። እኔና እነሱ ብቻ።»

አበራሽ አላለቀሰችም። ተቀይማለች።

«ቧንቧ ወርጄ ነበር» አለች። «ውኃው ጠፍቶ ወረፋ የያዘ ሰው የለም፤ ማን ይመስክርልኝ? ግን በማርያም ቀን ወቀጠች መባሌ ከእስሩ ይብስብኛል።»

«የሠራሽው ወጥ ግን ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ እትዬ አበራሽ» አለች ውባለም።

«በመጨፍለቂያው ነዋ! በበዓል አልወቅጥም። በዋዜማው ወቅጬ ሳሳድረው ደግሞ ጋሼ ጣዕሙ ጠፋ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ‹ሱቅ ሄደሽ የማይሰበረውን ምረጪ› አሉኝ። አዲስ የገባው ሁሉ ሲጫኑት የሚጎብጥ ነው። ከድሮው ዕቃ የተረፈውን፣ ከባዱን፣ ማጠፊያው ላይ ወፍራም ብረት ያለፈበትን ወሰድኩ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ የነቁት። ‹ይኼ ልጅ በስሜ ምን እየሸጠ ነው? አርብ በገበያው ፊት እናገራለሁ› አሉ።»

ውባለም ወጥ ቤት ገባች። ከባዱን መጨፍለቂያ መደርደሪያው ላይ አገኘችው። ሙቀጫውን አነሳች፣ ውስጡን አየች፣ አሸተተች። ከዚያ የተሰበሩትን ሦስቱን አገላበጠች። እሷም ከዚያው ሱቅ የገዛችው በሳምንቱ እጇ ላይ ተሰብሮባት ስለነበር ስብራቱን ወዲያው አወቀችው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የኔታ ድምፅ ሰምተዋል፤ እውነት ነው» አለች። «ሙቀጫው ውስጥ ግን የደረቀ የኮረሪማ ዱቄት እንደተጋገረ አለ፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ የለውም። ዛሬ አልተወቀጠበትም።» መጨፍለቂያውን ከፍ አድርጋ አሳየች። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገና ያልደረቀ ነጭ ሽንኩርት ነበር። «የወጡ ሽንኩርት የተጨፈለቀው በዚህ ነው። ታዲያ አራት ሰዓት ላይ ዘነዘናው ያረፈው ምን ላይ ነው?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«የኔታ ሰማሁ አሉ እንጂ አየሁ አላሉም። የተሳሳቱት በግምታቸው ነው። ስማቸው ግን ያልተወቀጠውን ሲወቀጥ አየሁ አለ። የኔታ ያሉትን ሰምቶ የራሱን ምስክርነት ጨመረበት። ያን ሰዓት ግቢው ውስጥ መሆኑንም ራሱ ነገረን።»

«አጎቴን ለምን ብዬ?» አለ ስማቸው።

ውባለም ሦስቱን ስብርባሪዎች እግሩ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«ገዢዎች የመለሷቸው ናቸው። ነገ አርብ ነው። ጋሽ አንዳርጌ ገበያው መሐል ቆመው ‹የእህቴ ልጅ አታልሏችኋል› ሊሉ ነበር። አንተ ዛሬ ልትለምናቸው መጣህ። አበራሽ ቧንቧ ወርዳለች፣ ወጥ ቤቱ ክፍት ነው፣ ዘነዘናው እጅህ ሥር ነው።»

ስማቸው ቆሞ ቆሞ በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሰው ፊት አያዋርዱኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ» አለ። «ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ካቴናው ከአበራሽ እጅ ተፈትቶ ወደ እሱ ዞረ። መሪጌታ ይርጋ ቀስ ብለው ወደ እሷ ተጠጉ።

«አበራሽ፣ ይቅር በይኝ። ሃያ ዓመት እያወቅሁሽ ጠረጠርኩሽ።»

አበራሽ የእጇን አንጓ እያሻሸች ቀና ብላ አየቻቸው።

«የኔታ፣ ስንት ጊዜ ነበር የሰሙት?»

«አራት ጊዜ… አምስት።»

«የመጀመሪያውን እንደሰሙ ብቅ ብለው ‹አንቺ አበራሽ!› ብለው ቢቆጡኝ ኖሮ ጋሼ ይተርፉ ነበር» አለች፣ አሁን እንባዋ መጣ። «ምን ነበር ቢቆጡኝ?»

መሪጌታ ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ። ከአጥሩ ማዶ መስኮታቸው እንደተዘጋ ነው።