ቀድሞ የጮኸው ሰዓት

ቢፕ ቢፕ፣ ቢፕ ቢፕ።

ቆቅ አካፋዋን ይዛ ከሽንኩርቱ መደብ ጫፍ ቀና አለች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል፤ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ያቃጥላታል። ውሃው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ገና አልነካቸውም። እንደ ምላስ ተዘርግቶ ደረቁን አፈር መላስ መጀመሩ ነበር። ቢሆንም ተራ ተራ ነው፤ ሰዓቱ ከጮኸ ውሃው የሌላ ሰው ነው።

«መጣሁ! ልዘጋ ነው!» ብላ አካፋዋን አንጠልጥላ ወደ ቦዩ ሮጠች።

«ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ!» አለቻት ድንቡሼ ከታችኛው ማሳ።

ድንቡሼ የልብ ጓደኛዋ ናት። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ቦይ ይጋራሉ። የቆቅ ቤተሰብ ተራ አስር ሰዓት ላይ ሲያልቅ የድንቡሼ ቤተሰብ ይቀበላል። ስሙን ያወጡላት በጉንጮቿ ነው። ቆቅ ደግሞ «ይቺ ልጅ ተኝታም አንድ ዓይኗ አይከደንም» ተብላ ነው ቆቅ የተባለችው።

ሰዓቱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የጎማ ማሰሪያ ያለው ዲጂታል ነው። ቆቅ መጀመሪያ እጇ ላይ አስራው ክፍል የገባች ቀን «የአሻንጉሊት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁባት። ሹፌሩ አጎቷ ሲሰጣት ግን «ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትንቂው። እኔ ብሞት እንኳ እሱ ይሰራል» ነበር ያላት። አልዋሸም። ላም ረግጣዋለች፣ ዶማ አግኝቶታል፤ አንዴም ቦይ ውስጥ ወድቆ አድሮ፣ በማግስቱ ከደለል ሲወጣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰኮንዱን ይቆጥር ነበር። ፀሐይ ማሰሪያውን አነጣችው እንጂ ቁጥሩን አላደበዘዘችውም። ከዚያ ወዲህ የቦዩ ሰው ሁሉ ተራውን የሚጠይቀው እሷን ሆነ። በቆቅ እጅ የታየ ሰዓት ይግባኝ የለውም።

እቤት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃው የማሳውን ጫፍ ሳያረጥብ ተራው እያለቀ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እናቷ የጠወለገ ሽንኩርት ነቅላ አፍንጫዋ ስር አወዛወዘችባት።

«አንቺ ጥላ ስር ስትጋደሚ ይኸው!»

«አልተጋደምኩም እማዬ፣ ሙች!»

«እና ሽንኩርቱ ነው የሚዋሸው? በሚመጣው ቅዳሜም ካልደረሰ ውሃውን ወንድምሽ ይይዛል። ሰዓቱንም አውልቀሽ ትሰጪዋለሽ።»

ያ ቅዳሜ ዛሬ ነው። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ደግሞ ዛሬም እንደ ደረቁ ናቸው።

ቦዩ አፋፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ከዳት። ተንሸራታ ዘጭ አለችና እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ገባች። ድንቡሼ በሳቅ ተንከተከተች። ቆቅም ሳቀች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ሰዓቱን ከውሃው አውጥታ አየችው። ሁልጊዜ በጭቃ ተለጥፎ የሚውለው መስታወት ታጥቦ ጠርቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ገና ሃያ ደቂቃ አለኝ እኮ!»

የድንቡሼ ሳቅ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የተጠራጠረችው ሰዓቱን ነበር። ቁልፉን ተጭና የአላርሙን ሰዓት አየች። አስር ሰዓት ላይ የሞላችው አላርም ዘጠኝ ከአርባ ላይ ቁጭ ብሏል። እሷ ቅዳሜ ሲደርስ ከማብራት በቀር ነክታው አታውቅም። ማስተካከያ ቁልፉ ደግሞ ጎድጎድ ያለ ነው፤ በእሾህ ተጭነው ካልቆዩ አይከፈትም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከእሷ ሌላ አንድ ብቻ ነው። ያስተማረቻትም ራሷ ቆቅ ናት፤ ከወር በፊት ድንቡሼ «ሩጫዬን ልለካበት» ብላ የተዋሰቻት ጊዜ።

«አንቺ ነሽ?»

ድንቡሼ አካፋዋን ጭቃው ላይ ተከለችው። «አንዴ ብቻ እኮ ነው የነካሁት።»

«አንዴ! በየቅዳሜው ግን ይጮሃል!»

«ሃያ ደቂቃ ምን አላት? አታካብጂ በናትሽ። እናንተ ከላይ ናችሁ። እኛ ጋ ውሃው ሳይሆን ወሬው ነው የሚደርሰው። አባቴ ደግሞ ማሳው በደረቀ ቁጥር ንዴቱን በእኔ ላይ ይወጣል።»

«እማዬ ሰነፍ ስትለኝ አጠገቤ ነበርሽ። አቅፈሽኝ አለቀስሽ!»

«ያለቀስኩት እኮ የምሬን ነው» አለች ድንቡሼ ዝግ ብላ።

ከሁሉም ይህ አመማት። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር።

በዚህ መሃል ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባት በትራቸውን እየተመረኮዙ ቦዩን ይዘው መጡ። ውሃ የሰረቀ ሁለት ተራ እንደሚዘለል ትንሽ ትልቁ ያውቃል። በዚህ ሐሩር ሁለት ተራ የተዘለለ ሽንኩርት ደግሞ ለዘርም አይተርፍም። ድንቡሼ ዓይኗን ቆቅ ላይ ተክላ ትንፋሿን ዋጠች።

«ሰዓቱ ስንት ሆነ ልጄ? ተራው የማን ነው?»

ቆቅ እጇን አነሳች። «ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው» ብትል ማን ይከራከራታል? ሽማግሌው ቁጥሩን ማየት አይችሉም፤ የሚያምኑት አፏን ነው። ድንቡሼም ብታውቅ ምን ብላ አፏን ትከፍታለች? የተሰረቀው ውሃ በአንዲት ቃል ይመለስ ነበር። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ እዚያው ላይ መረረቻት።

«ለአስር ሩብ ጉዳይ ነው አባባ። ገና የእኛ ነው።»

«እና ይቺ ከአሁኑ አካፋ ይዛ ምን ትሰራለች?»

«ቀድማ መጥታ ነው።»

«ቀድሞ መምጣት ውሃ አያበዛም» አሉና እየሳቁ አለፉ።

ርቀው ሲሄዱ ድንቡሼ ዘልላ ቆቅ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አልተናገርሽብኝም! አውቅ ነበር! አንቺ እኮ እህቴ ነሽ!»

ቆቅ የድንቡሼን እጅ ቀስ ብላ ከአንገቷ አወረደችው።

«ዝም ያልኩት ሽንኩርታችሁ ምን አጠፋ ብዬ ነው። ለእማዬ ግን እነግራታለሁ።»

«አብደሻል? እሷ ለአባቴ ትነግራለች! አባቴን አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። አብረን ሄደን ራስሽ ንገሪያት፤ ለአባትሽ እንዳትነግር እኔም አብሬሽ እለምናታለሁ። ካልፈለግሽ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ሰኞስ? አብረን አይደለም የምንቀመጠው?»

ቆቅ አካፋዋን አነሳች። ተመልሳ መደቡ ውስጥ ገባች። ውሃው እየተጎተተ፣ እየተጎተተ መጨረሻው መስመር ደረሰ፤ ስንጥቁ አፈር እየተንጫጫ ጠጣው። እስኪጠግብ ቆማ አየችው። አስር ሰዓት ሲሆን ወጣችና የማሳቸውን የቆርቆሮ መዝጊያ አወረደች፤ በስንጥቁ የሚያልፍ ጠብታ እንዳይኖር ጠርዙን በጭቃ መረገችው። ውሃው እንዳለ ወደ ድንቡሼ ማሳ ወረደ።

እግሯን ታጠበች፣ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ የቤቱን መንገድ ያዘች።

«ቆይ እንጂ!» የሚል ድምፅ ሰማች። አልቆመችም፤ አልፈጠነችምም። የሚከተላት ሰው እንዲደርስባት ያህል ቀስ ብላ ተራመደች፤ ለማየት ግን አልዞረችም።