ተነፈሰች

ኢንስፔክተር በዛወርቅ ሞላሌ ስትደርስ ሟቹ ተቀብሮ፣ ተጠርጣሪዋ ታስራ፣ ሳጅን ወሰኔም የምስጋና ደብዳቤውን በልቡ አንብቦ ጨርሶ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ነው። ከደብረ ብርሃን የተላከችው መዝገቡን አይታ እንድትፈርም ብቻ ነበር። አለቆቿ ግን አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ በዛወርቅ በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ሳታይ ፈርማ አታውቅም። ማዕረጓ ከዕድሜዋ ወደ ኋላ የቀረውም በዚሁ አመሏ ነው።

«አስከሬኑ ለምርመራ ሳይላክ ለምን ተቀበረ?» አለችው ገና ከመኪናው ሳትወርድ።

«ሲስተር ፍሬሕይወት አይታዋለች፣ ኢንስፔክተር። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች ናት። የከተማውን ግማሽ ያዋለደችው እሷ ነች። ደግሞም ነገሩ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ቢሆን እኔ ምን ላደርግ መጣሁ? በል ቤቱን አሳየኝ።»

የሟቹ የወንዳፈራሁ የኮምፒውተር መጠገኛ ከመናኸሪያው በታች ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ሰው የጣለውን ኮምፒውተር እየሰበሰበ ነፍስ የሚዘራበት ሰው ነበር፤ ቤቱ በቢጫ የፕላስቲክ ሣጥኖችና በሽቦ ታጭቋል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት አሮጌ ማሽን በርታለች። ከጀርባዋ አጭር አንቴና ያለው የዋይፋይ ካርድ ብቅ ብሏል። ከጠረጴዛው ሥር ደሙ ታጥቦ አልለቀቀም።

ሳጅን ወሰኔ ነገሩን ከሥሩ አስረዳት። ማሽኗ ደብረ ብርሃን የነበረ፣ ዛሬ የተዘጋ የአንድ የግል ኮሌጅ ንብረት ነበረች። የኮሌጁን ወረቀት አይጥ ስለጨረሰው የምሩቃኑ ስም የቀረው በእሷ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ዘንድሮ ዞኑ የሠራተኛውን ሁሉ የትምህርት ማስረጃ እያጣራ ነው፤ ሞላሌ ውስጥም «ከዚያ ኮሌጅ ተመርቀናል» የሚሉ ሦስት ሰዎች አሉ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ መሳፍንት፣ የወረዳው ጸሐፊ ማሙሽ እና ሲስተር ፍሬሕይወት ናቸው። ዝርዝሩ ከዊንዶስ 98 በቀር በሌላ አይከፈትም። ማሽኗ ደግሞ ፍላሽ አትቀበል፣ የሲዲ ማጫወቻዋ የሞተ። ወንዳፈራሁ አሮጌውን ዊንዶስ እንደገና ሊጭንባት፣ ዕድሜዋን የሚመጥን የዋይፋይ ካርድም ሊሰካላትና ዝርዝሩን በዚያ ለዞኑ ሊልክ አንድ ወር ታግሏል።

«ሐሙስ የማርያም ዕለት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የሥራ ባልደረባው ሰርካለም ‹ሞቶ አገኘሁት› ብላ ጮኸች» አለ ሳጅኑ። «ማጅራቱን በዚህ ስታቢላይዘር ተመትቷል። አሁን ይህን ይመልከቱ።»

ስክሪኑ ላይ የፋይሎች ዝርዝር ተደርድሯል። ሳጅኑ የመጨረሻውን መሥመር በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«የምሩቃኑ መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው 10/31/2024፣ 16:12። ወደ እኛ ሲመለስ ጥቅምት 21፣ ዐሥር ሰዓት ከዐሥራ ሁለት። እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ሦስቱ ምሩቃን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መሳፍንት ቤት የማርያም ማኅበር ላይ ነበሩ፤ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ምስክር ናቸው። እዚህ የገባችው ሰርካለም ብቻ ናት። ኮምፒውተር አይዋሽም!»

«ከሱ በላይ ያሉትስ?»

«እነሱ የድሮ ናቸው። 2/19/2017፣ 2/20/2017… የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ።»

በዛወርቅ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ የፋይሎቹን ስም አንድ በአንድ አነበበች። ከመካከላቸው አንዱ የዋይፋይ ካርዱ ሶፍትዌር ነበር፤ 2/20/2017 ይላል። ቀኑን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ሌላም ማስረጃ አለ» ብሎ ሳጅኑ የሰርካለምን ስልክ አወጣ። «ሐሙስ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ወንዳፈራሁ የላከላት ነው። አንድ ቃል ብቻ፤ ‹ተነፈሰች›። ምስጢሩን ለሰው ተንፍሳበት ተጣልተዋል ማለት ነው።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች በዛወርቅ ለራሷ ያህል፣ ሳጅኑ ግን ሰማት።

ሰርካለም በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነጠላዋን በሆዷ ላይ አጣፍታ ተቀምጣለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጇን የት እንደምትወልድ ሳጅኑም አልጠየቀ፣ እሷም ለመገመት አልደፈረች። በዛወርቅ በርጩማ ስባ ከፊቷ ተቀመጠች።

«‹ተነፈሰች› ምን ማለት ነው፣ ልጄ?»

ሰርካለም እንባዋን ጠረገች። «የሱ ቋንቋ ናት። ልጁ ሳሌም ስትወለድ ታፍና ነው የወጣችው። ኋላ ሲስተር ፍሬ ‹ተነፈሰች!› ብላ ወጥታ አበሠረችው። ከዚያ ወዲህ የሞተ ማሽን በተነሣ ቁጥር ‹ተነፈሰች› ነው የሚለው። ለዋይፋይም እንዲሁ ነው፤ መሥመር ስትይዝለት ‹ተነፈሰች› ይላል።»

«ካርዱ መቼ መጣ?»

«ባለፈው ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ።»

«የማሽኗን ሰዓት ማን ነው የሚሞላው?»

«እሱ ራሱ። ባትሪዋ ስለሞተ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ ወይ ሶኬቷ በተነቀለ ቁጥር ሁሉን ትረሳለች። ቀንና ሰዓት ሙሉልኝ ትላለች።»

«ስታገኚው ነካሽው?»

«እጁን ያዝኩት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አፉን ልገጥምለት ብሞክር አገጩ እምቢ አለኝ።»

በዛወርቅ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ስንቅ አምጥተውልሻል? ብዪ፣ እምቢ አትበይ። ለሁለት ነው የምትበዪው።»

ቅዳሜ ቢሆንም መሳፍንትን ትምህርት ቤት፣ ማሙሽን ቢሮው አገኘቻቸው። መሳፍንት እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳበት አይፈልግም።

«እንግዶቼን የተቀበልኩት ልክ ስሪ ፒኤም ላይ ነው» አለ የእጅ ሰዓቱን እያሳየ።

ማሙሽ ተቃራኒው ነው። ስለ ፈረንጅ ሰዓት ብትጠይቀው በጣቶቹ ስድስት ቆጥሮ ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ፤ ተወው። «እኔ ኮምፒውተር የምከፍተው ደብዳቤ ልጽፍ ነው፣ እመቤቴ። ማኅበር ላይ ግን ከመሳፍንት ቀጥዬ የገባሁት እኔ ነኝ። ሲስተር ፍሬም ወዲያው ደረሰች፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር።»

ሲስተር ፍሬሕይወት ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት አራስ ስትመረምር አገኘቻት። ዕድሜዋ ከአርባ ጥቂት ያለፈ፣ እጆቿ ፈጣንና ለስላሳ ናቸው።

«ከማኅበሩ ጠርተውኝ ሮጥኩ» አለች። «ሰውነቱ ገና ሙቅ ነበር። ከሞተ አንድ ሰዓት አይሞላውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስንት ሬሳ አይቻለሁ፣ ኢንስፔክተር። ይልቅ ያቺ ልጅ እርጉዝ ናት፤ መሬት ላይ እንዳያስተኟት።»

በዛወርቅ አልጋው ራስጌ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አየች። የመድኃኒቱ ሰዓት 10:00፣ 16:00፣ 22:00 ተብሎ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

«በፈረንጅ ሰዓት ነው የምትጽፊው?»

«ኮሌጅ እንዲህ ነው ያስተማሩን። ቀንና ሌሊት አይምታታም።»

በዛወርቅ ወጥታ ለደብረ ብርሃኑ የማስረጃ አጣሪ ለምንተስኖት ደወለች። ሳምንቱን ሙሉ መስክ ላይ ቆይቶ ገና መግባቱ ነበር። «የመልእክት ሣጥንህን ክፈት» አለችው፤ ከፈተ። የነገራትን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ጥቂት ቆመች። ገዳዩ ሌላ ሰው እንዲሆን መመኘቷን ለራሷም አልደበቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ወንዳፈራሁ ቤት ተሰበሰቡ። ሦስቱ ምሩቃን አግዳሚው ላይ፣ ሰርካለም በሳጅን ወሰኔ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዛወርቅ ከማሽኗ ጎን ቆመች።

«ሳጅን፣ ይህ የዋይፋይ ካርድ ሶፍትዌር መቼ ተጫነ ብለኸኝ ነበር?»

«የዛሬ ሰባት ዓመት።»

«ካርዱ ግን እዚህ የደረሰው በዚህ ሳምንት ሰኞ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ማን ጫነው?»

ሳጅኑ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ መሥመሩን እንደገና አነበበ።

«2/20/2017 ፌብሩዋሪ አይደለም። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው። ጥቅምት 20 ቀን 2017፤ ያለፈው ረቡዕ። ወንዳፈራሁ ለማሽኗ የሚሞላላት የኛን ቀንና የኛን ሰዓት ነበር። እዚህ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ እዩ፤ አንድም የፈረንጅ ቀን የለም። ከአንዱ በቀር። የምሩቃኑ መዝገብ ብቻ 10/31/2024፣ 16:12 ይላል። ወንዳፈራሁ ቢሆን ኖሮ 2/21/2017፣ ዐሥር ከዐሥራ ሁለት ይል ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት ሰዓቱን የሞላው ሌላ እጅ ነው።»

«ሰዓቱን መሙላት ለምን አስፈለገው?» አለ መሳፍንት ላቡን እየጠረገ።

«ወንዳፈራሁ ሲወድቅ ሶኬቱን ነቀለው። ማሽኗ ጠፋች፤ ስትነሣም እንደ ልማዷ ጠየቀች። ገዳዩ እግረ መንገዱን ተጠቀመባት፤ ሰዓቷን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ገና ወደፊት የሚመጣውን ዐሥር ሰዓት ሞላላት። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ ስሙን ጨመረና ዘጋው። ያን ጊዜ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው። ተጣጥቦ ማኅበሩን ለመድረስ ጊዜ ተርፎታል።»

«አስከሬኑ ግን ሙቅ ነበር!» አለ ሳጅኑ።

«ሙቅ ነው ያለን ማን ነው? ሰርካለም ስትነካው ቀዝቅዟል፤ አገጩም ደርቋል። አንድ ሰዓት ያልሞላው ሬሳ አገጩ አይደርቅም። ሁለት ሴቶች አንድ ሰው ነክተው የተለያየ ነገር ተናገሩ፤ አንተ ባለ ነጭ ጋወኗን አመንክ።»

ማንም ወደ ሲስተር ፍሬሕይወት አልዞረም፤ መዞሩን ሁሉም ፈራው። እሷ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«መዝገቡ ላይ የሦስታችንም ስም አለ» አለች ቀስ ብላ።

«እዚህ ማሽን ላይ አዎ፤ ሰማንያ አራት ስም አለ። ነገር ግን ሐሙስ ጠዋት አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ወንዳፈራሁ ለሰርካለም ‹ተነፈሰች› ብሎ ጻፈላት። ካርዱ መሥመር ያዘ ማለቱ ነው። ወዲያው ዝርዝሩን ላከው። ምንተስኖት ዘንድ የደረሰው ሰማንያ ሦስት ስም ነው። መሳፍንት አለ፤ ማሙሽ አለ። አንቺ የለሽም፣ ሲስተር።»

ፍሬሕይወት ዓይኗን ከማሽኗ ሳትነቅል ተናገረች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ተምሬአለሁ። እንግሊዝኛ ወደቅሁ። አንድ ትምህርት! ወረቀቱን በሰው እጅ አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ሕፃን ተቀብያለሁ፤ ስንቱን እናት ከሞት አፍ አወጣሁ፤ ማንም እንግሊዝኛ አልጠየቀኝም።» ወደ ጠረጴዛው ሥር አየች። «ልለምነው ነበር የመጣሁት። ‹ጥቂት ቀን አዘግይልኝ› አልኩት። ‹ተነፈሰች እኮ፣ ሲስተር› አለኝ እየሳቀ። ማሽኗ ተነሣች ያለ መሰለኝ፤ ገና ሊልክ ነው ብዬ አሰብኩ። ጀርባውን ሲሰጠኝ… ተልኳል ቢለኝ ኖሮ እጄን አላነሣም ነበር።»

«እሺ፣ እሱን በድንገት ገደልሽው እንበል» አለች በዛወርቅ፣ ቁጣዋን መደበቅ አቅቷት። «ይህችን ልጅ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እያሰብሽ ነው ያሳሰርሻት። ስለሷ ምን አልሽ?»

ሳጅን ወሰኔ ካቴናውን ሲያስገባላት ፍሬሕይወት እጇን ራሷ ዘረጋችለት፤ የመጀመሪያ ልጁንም ሁለተኛ ልጁንም የተቀበለችው እሷ ስለነበረች ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ሰርካለም ዞረች።

«ማክሰኞ ስመረምርሽ ልጁ በእግሩ ወደ ታች ነበር። ይዞር ይሆናል። ካልዞረ እዚህ እንዳትወልጂ፤ ከታኅሣሥ በፊት ደብረ ብርሃን ግቢ።»

ሰርካለም የበዛወርቅን እጅ ያዘች። «እውነቷን ይሆን? ሌላ ማን ይየኝ?»

በዛወርቅ ሳጅኑን አየችው፤ ሳጅኑ መሬት መሬት አየ። በጤና ጣቢያው ሌላ አዋላጅ አልነበረችም።

«እኔ እወስድሻለሁ» አለች በዛወርቅ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ያዩሻል።»

መኪናው አንድ ብቻ ነበር። ሰርካለም ከፊት ተቀመጠች፤ ከኋላ በዛወርቅና በካቴና የታሰረችው ፍሬሕይወት። ሾፌሩ ሳይመሽ ሊደርስ ቸኩሎ ኮረኮንቹን ሲጋልብበት ሰርካለም ሆዷን በሁለት እጇ ደገፈች።

«ቀስ በል እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ነፍሰ ጡር ይዘህ!»

የተናገረችው ፍሬሕይወት ነበረች። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።