ባሌ ሌላ ሰው ሆኖ ሲነቃ

እኔ ሙት ተመለሰ፣ መንፈስ ታየ የሚል ወሬ ሲነሳ ከመሀል ተነስቼ ሰሃን የማጥብ ሴት ነበርኩ፣ ይሄንንም ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ባሌ፣ ስሙ አድጎ ነው፣ እዚህ እስራኤል ቂርያት ማላኪ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ስትሮክ መትቶት ወደቀ፣ ሆስፒታል ሲነቃ ልጆቹንም እኔንም አላወቀም። እጁን ስይዘው ቀስ ብሎ አስለቀቀኝና፣ «እሜቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ፣ ዘመናችንን ሙሉ አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው። ስሜ ማሩ ነው፣ ሚስቴ ዘውዴ ናት፣ እግሯ ቆስሎ በሱዳን መንገድ ተሸክሜያታለሁ ይላል፣ እመኑኝ፣ አድጎ ሱዳንን በዓይኑ አላየም፣ ከእኔ ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የመጣው። ሐኪሙ፣ «የጠፋውን ትዝታ ጭንቅላቱ በፈጠራ እየሞላው ነው፣ እየቆየ ይለቀዋል፣ ቤሰደር?» አለኝ። ቤሰደር አልኩ፣ እሺ ማለት ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

እሱ ግን ልብ ወለድ እንደሚጽፍ ሰው በየቀኑ ይጨምርበት ጀመር፣ የበሬውን ስም፣ ከጎረቤት የተጣላበትን ድንበር፣ እኔ ደግሞ የሠርጋችንን ፎቶ አውጥቼ፣ «ይኸው አንተ» እያልኩ አለቅሳለሁ። «ሙሽራው ያምራል» ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገዴራ እህቱ ዘንድ ልወስደው ከአውቶቡስ እንደወረድን እጄን ለቆ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ፣ ከስትሮኩ ወዲህ የሚጎትተው እግሩ ቀጥ ብሏል፣ ረግጦት ወደማያውቀው ፎቅ ወጥቶ አንድ በር አንኳኳ። ከውስጥ የከዘራ ድምፅ ተሰማ፣ ቆመ፣ እንደገና ተሰማ። የከፈቱልን አንዲት አሮጊት ነበሩ።

«ዘውዴ፣ እግርሽ አሁንም አልዳነም?» አላቸው።

ሴትዮዋ የበሩን መቃን ያዙ። «ማሩን በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት፣ ሱዳን፣ መጠለያው ውስጥ» አሉ እኔን እያዩ፣ «ማን ነው የላካችሁ?»

«ማንም አልላከንም» አልኩ።

ወደ እሱ ዞሩ። «ማሩ ሲሞት ምን አለኝ?»

ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከ። ምን እንዳላቸው እስካሁን አላውቅም፣ ሴትዮዋ ግን ደጃፉ ላይ ተቀመጡና፣ «እህቴ፣ ባልሽን ውሰጂልኝ» አሉኝ፣ «ዳግመኛ እንዳታመጪው።» እያለቀሰ ጎትቼ ወሰድኩት።

አሁን ሴትዮዋ ስልክ ቁጥሬን እዚያው ሰፈር ከምትኖረው እህቱ ተቀብለው እሳቸው ራሳቸው ይደውላሉ። ትናንት «አገናኚኝ» ሲሉኝ አልቻልኩም፣ ባሌ ነው እኮ፣ ኩሽና ገብቼ በሩን ዘግቼ በሹክሹክታ «ተኝቷል» አልኳቸውና ዘጋሁ። ስወጣ ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል።

«እሜቴ» አለኝ ሳይዞር፣ «ዘውዴን ለምን ያታልሏታል?»