የክፍሉ ስፋት

አዳማ ላይ፣ ከአንድ የጎማ መሸጫ ሥር፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ስቱዲዮ ነበር። ስቱዲዮ የሚሉት ሲያቆላምጡት ነው እንጂ ግድግዳው ሙሉ በስፖንጅ የታሸገ፣ መስኮት የሌለው፣ በእኩለ ቀን ዶሮ የሚያስተኛ ጨለማ ያለበት ጓዳ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ቢያስነጥስ ድምፁ ከአፍንጫው ሳይርቅ ይሞታል። እንኳን ማሚቶ፣ ሐሜት እንኳ ከዚያ አይወጣም ይባል ነበር።

የስቱዲዮው ባለሙያ ተካበ፣ ዘፈን ሲያቀናብር እንደ ሌላው ሰው ማውዝ ይዞ ኮምፒውተሩ ላይ የተሳሉትን ቁልፎች ማሽከርከር አይወድም። «ማሽከርከር ለሹፌር ነው» ይላል። እያንዳንዷን መጠን በኪቦርድ፣ በቁጥር ጽፎ ነው የሚያስገባው። ፀጉር ቤት ገብቶ እንኳ በሚሊሜትር ያዛል እያሉ ያሙታል፤ ሐሜት ቢሆንም ውሸት አይደለም።

የዚያን ቀን ቀትር ላይ፣ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ አንጋፋ ዘፋኝ ከመስታወቱ ማዶ ባለችው የመቅጃ ክፍል ገብተው ሄድፎን አጥልቀው ይጠብቃሉ። ተካበ ለድምፃቸው ትንሽ ማሚቶ ሊጨምርበት፣ ጓደኛው በፍላሽ ያቀበለውን ፕለጊን የሚባል አዲስ የድምፅ ማሳመሪያ ፕሮግራም ከፈተ። መሃሉ ላይ «የክፍል ስፋት» የሚል ክብ ቁልፍ አለው፤ ድምፁ ስንት ሜትር ክፍል ውስጥ እንደሚያስተጋባ የሚወስነው እሱ ነው። አንዴ እስቲ ብሎ በማውዝ ሲሞክረው ቁልፉ አራትን እየዘለለ አስቸገረው። ከአሥር በላይም አይዞርም። ተካበ ሳቀና ቁጥሩ ላይ ሁለቴ ተጫነ፤ ትንሽ ሳጥን ተከፈተች። የድሮው መሣሪያው የአሥርዮሽ ነጥቡን ራሱ ስለሚያስገባ፣ አራት ሜትር ሲፈልግ አርባ ብሎ መጻፍ ልማዱ ነበር። አርባ ጻፈና ኢንተር አለ። ሳጥኗ ነጥብ አልጨመረችም፤ አርባውን እንዳለ ዋጠችው።

«እትዬ፣ ከላይ ይጀምሩልኝ» አላቸው፣ የራሱን ሄድፎን አጥልቆ በፊቱ ባለው ማይክ።

«አንተ፣ ምን ውስጥ ገብተህ ነው የምታወራው?» አሉ እየሳቁ። «የእኔ ድምፅ እንደ ወትሮው ነው። ያንተ ግን ከጉድጓድ ነው የሚመጣው!»

ተካበ ስክሪኑን ቢያይ፣ ፕለጊኑን የጫነው በእሳቸው ድምፅ ላይ ሳይሆን በራሱ ማይክ ላይ ኖሯል። «አይ እኔ! ለራሴ ቤት ሠርቻለሁ» ብሎ ቀለደና ሊያርም ሄድፎኑን አወለቀ። ቀልዱ ግን አላበቃም ነበር። ሄድፎን የሌለበት ጆሮው ውስጥ «ሠርቻለሁ... ቻለሁ... ለሁ...» እያለ፣ ስፖንጁ ሁሉ ተገፎ የሄደ ይመስል፣ ከጀርባው ካለው ጨለማ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከድምፁም ጋር ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ፣ በአዳማ ቀትር ያልተለመደ ቅዝቃዜ፣ አንገቱ ላይ አረፈ።

ፈጥኖ ሳጥኗን ከፈተና አራትን ጻፈ። ግን የነበረውን ቁጥር ቀድሞ መሰረዝ ረስቶ ስለነበር አራቱ ከአርባው ኋላ ተለጠፈ። አራት መቶ አራት። ኢንተር ብሎታል።

ያን ጊዜ እጁን ዘርግቶ ይነካው የነበረው በር፣ መንገድ ማዶ እንዳለ ሱቅ ራቀ። የጣሪያው አምፖል ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ኮከብ አከለ። መስታወቱ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ እትዬ ትርንጎ ከነነጠላቸው የክብሪት እንጨት አከሉ። ተካበ ማውዙን ያዘ፤ በጠረጴዛው ላይ ቢገፋው ቢገፋው ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ሳጥኗ ጋ አትደርስም። በኪቦርዱ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሰርዞ አራትን ጻፈ። ሳጥኗ ግን ባዶነት የማትወድ ኖራ፣ ቁጥሩ ገና እንደጠፋ የነበረውን መልሳ ጻፈችና አዲሱን አራት ከኋላው ቀጠለችበት። በሩ ጠፋ። አምፖሉም ጠፋ። ከስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን በቀር ምንም አልቀረም።

ተነሥቶ በሩ ወደነበረበት ሮጠ። የጫማው ኮቴ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን እየተመለሰ አጀበው። የሚደርስበት ቢያጣ ቆመ፤ ኮቴዎቹም ተራ በተራ ቆሙ። አንደኛው ግን አልቆመም። በዝግታ፣ እንደማይቸኩል ሰው፣ ከግራ በኩል መምጣቱን ቀጠለ። ተካበ ዘወር ብሎ ለማየት አልደፈረም፤ ወደ ብርሃኑ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወደቀና ሄድፎኑን አጠለቀ።

«እትዬ ትርንጎ! ስለ እግዚአብሔር፣ ይውጡና አንድ ሰው ይጥሩልኝ!»

ጩኸቱ ሄደ፤ ብዙ ሄደ። ከሄድፎኑ ውስጥ የመቅጃው ክፍል በር ሲከፈት፣ ከዚያም የነጠላ ጫማ ሲንሸራተት ተሰማው።

«ተካበ?» አሉ እትዬ ትርንጎ፤ ድምፃቸው አጠገቡ ነው፣ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። «ወይ ይሄ ልጅ! ሳይነግረኝ ለምሳ ወጣ?»

«እዚህ ነኝ! ወንበሩ ላይ ነኝ!»

ወንበሩ ሲጢጥ ብሎ ሰው ሲቀመጥበት በሄድፎኑ ሰማ። ተካበ የተቀመጠው በዚያው ወንበር ላይ ነበር፤ የነካው ግን የለም።

«እህ... ይሄ ደግሞ ምንድን ነው የሚያቃስተው?» አሉ። ተካበ ስማቸውን እየጠራ ጮኸ፤ ጩኸቱ በዚያ በማያልቅ ክፍል ተጉዞ ሲደርሳቸው ፊደሉ ሁሉ ረግፎ፣ ቀጭን የነፋስ ዋይታ ብቻ ሆኖ ነበር። «ኤዲያ፣ ማሚቶውን ክፍት አድርጎት ነው የሄደው። ጆሮ ይበላል እኮ። የት ነው የሚጠፋው... ይቺ ትሆን?»

«አይንኩት እትዬ! አይንኩት!»

ቁልፏ ቀጭ አለች፤ ተካበም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ መጮኹን ሳያቋርጥ፣ የገዛ ድምፁን መስማት አቆመ።