ሃያ ሦስት ከየት ሲቆጠር?

ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሰኞ ጠዋት ከድልድዩ ሥር፣ ደረቁ ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከሸሚዙ የተበጠሰው ቁልፍ ግን ላይ፣ ድልድዩ ላይ ነበር። «ተሰናክሎ የወደቀ ሰው የራሱን ቁልፍ በጥሶ አይሄድም። ኮሌታውን የያዘው አለ» አለች መርማሪዋ። ማን እንደሆነ ሲነግሯት ግን አወቀችው። ዓርብ ዕለት ደውሎላት ነበር። «ፈርም እያሉ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው» ሲላት፣ «ሰኞ ቢሮ ይምጡ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የመንገዱ የጥገና በጀት ያለ እሱ ፊርማ አይለቀቅም። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ እስከዚያ ካልተፈረመ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ሰውየው ደግሞ «ድልድዩ ተሰንጥቋል፣ ፈርሶ ይሠራ» ብሎ ድርቅ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች በየተራ ተጨቃጭቀውታል፦ የጥገና ጣቢያው ኃላፊ፣ የጣቢያው ሹፌር፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው መሐንዲስ።

መጀመሪያ ጣቢያው ሄዳ ያነጋገረችው ኃላፊውን ነው። ሠራተኞቹ «ጋሽ ግሬደር» ይሉታል፤ እንደ መንገድ ጠራጊው ማሽን ፊቱ የቆመውን ሁሉ ጠርጎ ያልፋላ!

«መሞቱን በምን ሰሙ?»

«የሬዲዮ ሠራተኛዋ ናት የነገረችን። እኔና ሹፌሩ እዚሁ ቆመን ‹ተቆጣጣሪው ሃያ ሦስት ላይ ሞቶ ተገኘ› አለች። በየመኪናችን ወጣን።»

«የኪሎ ሜትር ድንጋይ አላየሁም። ከየት ነው የምትቆጥሩት?»

«ድንጋዩማ መንገዱ ሲሰፋ ተነቅሎ ቀረ። እኛ ከበራችን ነው የምንቆጥረው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ዋናው መሥሪያ ቤት ከከተማው ይቆጥራል፤ የራሱ ጉዳይ።»

ሹፌሩ ላብ በላብ ሆኗል። ድልድዩ ጋ ከሁሉም አርባ ደቂቃ ዘግይቶ በመድረሱ ሁሉም በጎሪጥ ያየዋል።

«ጠፋብኝ፣ እህቴ። ሃያ ሦስት ድረስ ሄድኩ፣ ሰው የለም። ወዲያ ወዲህ ስል ረፈደ።»

«ዕድሜህን በነዳህበት መንገድ?» አለ የዋናው መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ እየሳቀ።

መርማሪዋ አልሳቀችም። ወደ ሬዲዮ ሠራተኛዋ ሄደች። «ሬሳውን ያገኘው ማን ነው?»

«የዋናው መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ቆጣሪ ነው፤ የሚያልፈውን መኪና የሚመዘግብ ሠራተኛ። እኔ ግን ደንግጬ ቁጥሩን ብቻ ነው የተናገርኩት፤ መልእክቱን ማን እንደላከው ለማንም አልነገርኩም።»

ሁሉንም ግድግዳው ላይ ካለው የመንገድ ካርታ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«መንገዱ ከከተማው እስከ በራችሁ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ቆጣሪው ሃያ ሦስት ያለው ከከተማው ቆጥሮ ነው። በእናንተ አቆጣጠር ቦታው ዐሥራ ሰባት ነው። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ከበራችሁ ቆጥሮ ድልድዩን አልፎ ሄደ፤ ሬሳው ታች ቦይ ውስጥ ስለሆነ አላየውም፤ ሃያ ሦስት ላይ ባዶ መንገድ ጠበቀው። የዘገየው ንጹሕ ስለሆነ ነው። መሐንዲሱ የሚቆጥረው እንደ ቆጣሪው ነው፤ በቀጥታ መድረሱ አይገርምም። እርስዎስ፣ ጋሽዬ? የሰሙት ያንኑ ቁጥር ነው። ታዲያ ዐሥራ ሰባት ላይ ማን ወሰደዎት?»

ጋሽ ግሬደር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስልሳ ሠራተኛ አለኝ፤ በጀቱ ከተመለሰ ይበተናሉ። ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ኮሌታውን ያዝኩት፣ ገፋሁት። እንዲሞት አልፈለግኩም፣ ልጄ። ወርጄ እንኳ አላየሁትም።»

መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ። «እኔም በየቀኑ ለኃላፊው እየደወልኩ ‹አስፈርመው› እለው ነበር» አለ።

ፖሊሶቹ ሽማግሌውን ወሰዱት። መርማሪዋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሪፖርቷን ጀመረች። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሟች ዓርብ ዕለት ደውሎ እርዳታ ጠይቋል፤ ሰኞ እንዲመጣ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

የሥራ ባልደረባዋ በትከሻዋ በኩል አነበበው። «ይሄን እኮ ማንም አልጠየቀሽም። ለምን ራስሽን ታስጠይቂያለሽ?»

«ሟቹም ዝም ብሎ መፈረም ይችል ነበር» አለችና ሪፖርቷን ጨርሳ ፈረመች።