እየጫንኩ ነው አልኩህ

ሐዲስ በገዛ ቢሮው፣ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የሚዛን ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ጊዜው 1981 ዓ.ም.፣ ከተማው ናዝሬት፣ ቦታው ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ሟቹ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የሞተውም በምሳ ሰዓት ነው።

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ገርባ ሬሳውን አየና ምንም አልተሰማውም። ልጁ ሰሜን ጦር ግንባር መሞቱ ከተነገረው ወዲህ እንዲህ ሆኗል፤ ሰው ሲያናግረው ድምፁ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስለዋል።

«ብዙ አይድከሙ ሻምበል» አለው የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ፣ ጓድ አምባዬ። «ገዳዩ ሾፌሩ ነው። አሻጥረኛ! ዛሬውኑ ለበላይ አካል እናስረክበዋለን።»

እንዲህ የተሰጠ ሰው እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። ሾፌሩ ራህመቶ እጁን በሲባጎ ታስሮ ደጅ ተቀምጧል።

«በምን አወቃችሁ?»

«ሙሉዬ በጆሮዋ ሰምታለች።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ሙሉዬ መወልወያዋን እንደያዘች ቀረበች። «በሩ ዝግ ነበር። አቶ ሐዲስ ‹በቃ፣ ተወው› ሲሉ ሰማሁ። አንድ ወንድ ደግሞ ‹እየጫንኩ ነው አልኩህ!› ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድው! ደንግጬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።»

«ድምፁን ለየሽው፣ እናቴ?»

«የተናደደ ሰው ድምፅ በምን ይለያል?»

«እዚህ ግቢ የሚጭን አንድ ሰው ነው» አለ ካድሬው። «የወለንጪቲን በቆሎ ሲጭን ነው የዋለው።»

ገርባ ወደ ሾፌሩ ወጣ። «ከሐዲስ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ጠዋት ዘገየህ ብለው ተቆጡኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው፣ አለቀ። ጌታዬ፣ እኔ የምጭነው በቆሎ ነው። እሳቸው ክፍል ምን በቆሎ አለ?»

መሥሪያ ቤቱ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ አንዱ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ሌላው ከእንግሊዝ በእርዳታ የመጡ። የአንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ አይሠራም። ሐዲስ አወዳድሮ አንዱን ብቻ ሊያስቀር ነበር። የሚዘጋው ማሽን ሠራተኛ ደግሞ ወደ ብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል፤ እስካሁን ያስቀረው «ለሥራው አስፈላጊ ነው» መባሉ ነው። ሠራተኞቹ ኃይለየሱስና ሙሉብርሃን ሁለቱም ከሐዲስ ጋር አብረው የተማሩ ናቸው። ገርባ ለየብቻ ጠራቸው።

«አዲሱን ፕሮግራም እየገለበጥኩ ነበር» አለ የጀርመኑ ማሽን ሠራተኛ ኃይለየሱስ። «ዲስኮቹን አንድ በአንድ ነው የሚበላው። ጢጥ ሲል ያወጣሉ፣ ሌላ ይከታሉ። ካላጎረሱት ቆሞ ይጠብቃል።»

ሙሉብርሃንም በእንግሊዙ ማሽን ላይ ሥራ ላይ ነበርኩ አለ። «ፕሮግራም እየጫንኩ ነበር። ከማሽኑ ፊት ዞር ማለት ስለማይቻል ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

«መጫን ነው የምትሉት?»

«እኔ እንዲያ እላለሁ። ኃይለየሱስ መገልበጥ ይላል፤ የሱ ግልበጣ ነዋ!»

«እኔ በዚህ ነገር መሃይም ነኝ። የትኛው ይሻላል?»

የወጣቱ ፊት በራ። «ይኼማ ምን ያጠያይቃል፣ ሻምበል! የሱን እንደ ሕፃን አጠገቡ ቁጭ ብለው ካላጎረሱት አይሆንም። የኔን ግን ቴፑን አንዴ ሰክተው ሞጆ ደርሰው ቢመለሱ፣ ራሱ ጨርሶ ይጠብቅዎታል።»

ገርባ አመስግኖት ወጣ። ከዚያ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበ፤ ሾፌሩንም እንደታሰረ አስገባው።

«ሙሉዬ፣ ሰውየው ሲጮህ ሌላ ምን ይሰማ ነበር?»

«ከጎን ካለው ክፍል ያ የጀርመን ማሽን ነዋ። ጢጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጢጥ። ስሮጥ እንኳ አልተወም።»

«እንግዲያስ አጠገቡ ሆኖ የሚያጎርሰው ሰው ነበረ። ኃይለየሱስ ከክፍሉ አልወጣም።» ገርባ ወደ ካድሬው ዞረ። «ጓድ አምባዬ፣ መጫን ሲባል እርስዎ የታየዎት ጆንያ ብቻ ነው። እዚህ ቤት ግን ሌላም የሚጫን አለ። ደግሞም ሰውየው ‹አልኩህ› ነው ያለው። ራህመቶ አለቃውን አንተ አይልም፤ ቢናደድም ‹አልኩዎት› ይል ነበር። ሐዲስን አንተ የሚሉት አብረውት የተማሩት ናቸው።»

ከዚያ ዓይኑን ወደ እንግሊዙ ማሽን ሠራተኛ መለሰ።

«ሙሉብርሃን፣ ከማሽኑ ዞር ማለት አይቻልም አልከኝ። ወዲያው ደግሞ ሞጆ ደርሶ መመለስ ይቻላል አልክ። የቱን ልመንህ?»

ሙሉብርሃን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «የኔን ማሽን ሊዘጋው ነበር። እየጫንኩ ነው፣ ሲያልቅ እይና ፍረድ አልኩት። ተወው አለኝ። በቃ፣ ወደ ሰሜን… እዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው አይተዋል፣ ሻምበል?»

«አላየሁም» አለ ገርባ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «ተነስ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ራህመቶን ፈቱት። ሾፌሩ እጁን እያሻሸ ቆመ። ካድሬው ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ሌላው ሰውም ቀስ በቀስ ተበተነ።

«ልሂድ፣ ጌታዬ?»

«ሂድ።»

«ወዴት?»

ገርባ የተፈታውን ሲባጎ ከመሬት አነሳ።

«ቤትህ» አለው።

ራህመቶ መኪናውን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው በበሩ በእግሩ ወጣ።