ያላደሩበት አልጋ

«እማዬ፣ ዛሬ የት ነው የምናድረው?»

የዘጠኝ ዓመቷ ወንጌላዊት ይህን የጠየቀችው በጥቅምት 1979 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዲላ ካመጣቸው አውቶቡስ ወርደው ሐዋሳ መናኸሪያ መሐል እንደ ቆሙ ነበር። እናቷ ደብሪቱ በአንድ እጇ ልጅቷን፣ በሌላው የማር ጣሳ ይዛ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ የኔ ልጅ» አለች። አዎን፣ እግዚአብሔር ያውቅ ነበር! እሷ ግን አላወቀችም። ለሁለት ሌሊት ጎን ማሳረፊያ መምረጥ ምን ትልቅ ነገር አለው? ስንቱ መንገደኛ በየቀኑ ይመርጥ የለም ወይ? የዚያች ቅዳሜ ምርጫ ግን የአንዲትን እናት የዕድሜ ልክ እንቅልፍ ይዞ እንደሚሄድ ማን ይንገራት?

ደብሪቱ ባሏን በኃይሉን የሳንባ በሽታ የነጠቃት ልጅቷ ጡት ሳትጥል ነበር። ከዚያ ወዲህ በዲላ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ እየቸረቸረች፣ ዝናብ ሲመጣ ከሽንኩርቷ ጋር በአንድ ጆንያ እየተጠለለች ሁለት ልጆቿን አሳደገች። ታላቁ ፍቅሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ቀን ተማሪ፣ ማታ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አስተማሪ። ከተማሪዎቹ አንዷ የገዛ እናቱ ነበረች። «ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሰሌዳውን ይመልከቱ እንጂ አስተማሪውን አይመልከቱ!» ብሎ በሰው ፊት ሲቆጣት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ፊደል ይልቅ የጻፈችው እጅ አምራ ትታያት ነበርና!

ያን ጊዜ ግን ወጣት ያለው ቤት ሁሉ ሥጋት የገባው ቤት ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየቀበሌው በኮታ ይወርዳል፤ ኮታው ካልሞላ ከመንገድም ከቤትም ይታፈሳል። ፍቅሬ አንድ መውጫ ቀዳዳ አገኘ። ሐዋሳ በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ተፈትኖ አለፈና ሰኞ ጠዋት ለቃል ፈተና ተጠራ። ማሠልጠኛ የገባ ከግዳጁ ይተርፋል ይባል ነበር። እንግዲህ የደብሪቱ ጸሎት ሁሉ አንድ ሆነ፤ ልጇን ለሰኞ ጠዋት ማድረስ። የእሑድ መኪና ስለማይታመን ቅዳሜ ተነሡ። ወንጌላዊትም «ሐይቁን ሳላይ አልቀርም» ብላ አልቅሳ ተከተለቻቸው።

ቀደም ሲል ቢሆን ጭንቀት አልነበረም። የጸሎት ቤታቸው ግቢ ለመንገደኛ ምእመን የሚሆን ክፍል ነበረው፤ አሁን በሩ በመንግሥት ትእዛዝ ታሽጓል። የቀራቸው አንድም አልቤርጎ፣ አንድም ባህል አዳራሽ አካባቢ የሚኖረው የባሏ ታላቅ ወንድም ገብረጻድቅ ቤት ነው። ደብሪቱ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ዓይኗ ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት በተሰቀለ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ላይ አረፈ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«መ… ኝ… ታ። አ… ለ። መኝታ አለ!»

«እማዬ! አነበብሽ እኮ!» ፍቅሬ በመንገደኛ ፊት አቅፎ አነሣት። «ልቀቀኝ አንተ! ሰው ያያል!» አለች፤ ልቧ ግን በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው።

የአልቤርጎው ባለቤት ሙህዲን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስት አልጋ ያለው ክፍል ከፍተው አሳዩአቸው። ግድግዳው አዲስ ኖራ የተቀባ፣ አንሶላው በፀሐይ የደረቀ ነው።

«አባቴ፣ ትኋን የለውም?» አለች ደብሪቱ።

ሙህዲን ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል፣ ልጄ።»

ፍቅሬ በሳቅ ፍርስ ብሎ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተጋደመ፤ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ተንጠለጠለ። «ይኼኛው የኔ ነው፤ እግሬን በመስኮት አወጣዋለሁ! እማዬ፣ እዚሁ እንደር። ቅርብ ነው፤ ሰኞ በጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ።»

ደብሪቱ ክፍሉን ወደደችው። ዋጋው ቢከብዳትም የማይቻል አልነበረም። የያዛት ሌላ ነገር ነው። «አጎትህ እዚሁ ከተማ ቤት እያለው በኪራይ አልጋ ተኛን ብንል ምን ይለናል? የወንድሜ ሚስት በቁሜ ቀበረችኝ አይልም?» አለች። ሙህዲንም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ልክ ነሽ፤ ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ ነው። ካልተመቻችሁ ግን ተመለሱ፤ በሬ ክፍት ነው።» ፍቅሬ ከአልጋው ተነሣ። አንሶላው ላይ የጎኑ ስርጉድ ቀረ… ወይ ይሉኝታ! ስንቱን ቤት አፈረስሽ?

ገብረጻድቅ በር ላይ ተቀበላቸው። ፍቅሬን ሲያይ «የወንድሜን ቁመት! የወንድሜን ትከሻ!» እያለ አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። ልጁ ባህሩም ከፍቅሬ ጋር እኩያ ነበርና ተያይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ወዲያው ገብረጻድቅ የመንገድ ማለፊያ ወረቀታቸውን ጠየቀ። ያን ዘመን እንግዳ ያሳደረ ሁሉ ለቀበሌ ማስመዝገብ ግዴታው ነበር፤ «ኋላ ፀጉረ ልውጥ ተብላችሁ እንዳትቸገሩ» አለ። ደብሪቱ አመስግና ሰጠችው።

እሱ እንደ ወጣ ሚስቱ ብርቅዬ ደብሪቱን ወደ ማድ ቤት ጠራቻት። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ደብሪቱ፣ ቤታችን ጠባብ ነው። መናኸሪያ አጠገብ ርካሽ አልጋ አለ አሉ። እዚያ ብትሄዱ ይሻላችኋል።»

ደብሪቱ የሰማችውን ማመን አቃታት። «መሬት ላይም እንተኛለን፣ ብርቅዬ። ሁለት ሌሊት ናት።»

«አሁኑኑ ሂዱ። ልጅሽንም ይዘሽ ሂጂ። አትቀየሚኝ።»

«የእህል ነገር ከሆነ ያሳሰበሽ፣ በሶ ይዘናል።»

«እህል!» ብርቅዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ባሏ የውጭውን በር ሲያንኳኳ ግን መልሳ ዘጋችው፤ ዐይኗን ወደ ምድጃው ጥላ ቀረች። ደብሪቱ እያለቀሰች ለልጇ ነገረችው። «እንሂድ እንግዲህ፣ እማዬ፤ ሽማግሌው ‘በሬ ክፍት ነው’ ብለውን የለ?» አላት። «አይሆንም! አጎትህ እንዲያ እንባ አውጥቶ ተቀብሎን በሚስቱ ንፍገት ጥለነው እንውጣ? ችለን እናድራለን» አለች። በር ላይ የሳቀላትን አመነች፤ ፊቷን ያጠቆረችባትን ጠላች። ከእኛ መሐል ማን ከዚህ የተለየ ያደርግ ነበር?

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ገብረጻድቅ «የእናትህን እናት አሟታል አሉ፤ ሄደህ ጠይቃት» ብሎ ባህሩን ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቱላ ላከው። ባህሩ ምንም አላወቀም። ሊወጣ ሲል ተመለሰና ግራጫ ኮቱን ከትከሻው አወለቀ። «ለቃል ፈተናህ ይኼን ልበስ። አስተማሪ በሹራብ አይሆንም» ብሎ ለፍቅሬ አለበሰው፤ እሱ የፍቅሬን ሹራብ ለብሶ ሄደ።

እሑድ ሐይቁ ዳር ዋሉ። ወንጌላዊት አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አይታ «እነዚህ ሽማግሌዎች ለምን ዝም ብለው ይቆማሉ?» አለች። «ስብሰባ ላይ ናቸው» አላት ፍቅሬ። ዓሣ ጥብስ ለሦስት ተካፈሉ፤ እሾሁን ለእናቱ እየለቀመላት «እኔ መምህር ስሆን እዚሁ ቤት እከራያለሁ። ከእንግዲህ ሐዋሳ ስትመጡ የት እናድራለን ማለት የለም!» አለ። ደብሪቱ ወደ ውኃው አየች። ነፋስ ሳይኖር ቅዝቃዜ ጀርባዋን ነካት። የእናት ሆድ አስቀድሞ ያውቃል ይባላል፤ ታዲያ ካወቀ ለምን አይናገርም?

ሰኞ ማለዳ ፀሐይ ወጥታ፣ ፍቅሬ ኮቱን ለብሶ ጫማውን በጨርቅ እየወለወለ ሳለ ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች ገቡ።

«የዚህ ቤት ወጣት የታለ?»

ገብረጻድቅ ግድግዳውን እያየ በጣቱ አመለከተ። «ይኸው።»

ደብሪቱ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ከዚያ ጮኸች። «እኛ እንግዶች ነን! ከዲላ ነው የመጣነው! ዛሬ ፈተና አለው!»

«የቤቱ ባለቤት ‘ከኔ ጋ የሚኖር የወንድሜ ልጅ ነው’ ብለው አስመዝግበዋል፣ እማማ። ከዚህ ቤት አንድ ወጣት ይፈለጋል፤ እኛ የታዘዝነውን ነው።»

«ጋሼ! ይናገሩ እንጂ! የበኃይሉ ልጅ እኮ ነው!» ገብረጻድቅ ፊቱን አላዞረም። ደብሪቱ ከብርቅዬ እግር ሥር ወደቀች። «ብርቅዬ፣ አንቺ ተናገሪ! አንቺም እናት አይደለሽም ወይ?» ብርቅዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እንባዋ ይወርዳል። አዎን፣ እናት ነበረች… እናት ስለሆነች ነበር ዝም ያለችው!

የታፈሱት ወጣቶች የተጫኑበት መኪና ከቀበሌው በር ሲነሣ ደብሪቱና ወንጌላዊት እየሮጡ ተከተሉት። ፍቅሬ በግራጫው ኮት ከሰው መሐል ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ለራሱ አላለቀሰም። የጮኸው ቃል አንድ ብቻ ነው።

«እማዬ! ዛሬ የት ልታድሩ ነው?»

መኪናው በአቧራ ተሸፈነ።

ሙህዲን እናትና ልጅን በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩ የቅዳሜውን ክፍል ከፈቱላቸው። ሁለቱ በአንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈው ተኙ። መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ ማንም አልነካውም። ደብሪቱ ዲላ ተመልሳም በሐሳቧ ከዚያ ክፍል አልወጣችም። ገበያ መሐል ሽንኩርት እየመዘነች ከአልጋ ተርፎ የተንጠለጠለ እግር ይታያት ነበር። ማታ ማታ የልጇን መኝታ ታነጥፋለች፤ ጠዋት ሳይነካ ታጥፈዋለች። «ያን ቀን አልጋውን ባላስለቀቅኩት…» ትላለች። ከልጅቷም አፍ አንድ ጥያቄ ዳግመኛ አልወጣም፤ የትም ቢሄዱ የት እንደሚያድሩ ጠይቃ አታውቅም።

የገብረጻድቅ ቤትስ ሰላም አገኘ? ባህሩ ከቱላ ተመልሶ የሆነውን ሲሰማ የፍቅሬን ሹራብ እንደ ለበሰ ወጥቶ ወደ አያቱ ቤት ሄደ፤ ከአባቱ ደጃፍ ዳግም አልደረሰም። አባቱም ብዙ ሳይቆይ ግማሽ አካሉ በድን ሆነ። ምላሱም ታሰረ። «ይኸው» ብሎ ያመለከተበት እጅ ከአልጋ ላይ ሳይነሣ ወደ መቃብር ወረደ።

በግንቦት 1983 ጦሩ ተበተነ። የተረፉት ወታደሮች የተቀደደ ልብስ ለብሰው፣ አንዳንዱም በዱላ እየተደገፈ በየመናኸሪያው መውረድ ጀመሩ። ደብሪቱ ወንጌላዊትን ይዛ ሐዋሳ መጣችና ከሙህዲን በር ላይ ተቀመጠች። ከሚወርደው ሁሉ ፊት የልጇን ፊት ትፈልጋለች። አንድ ቀን ኩማ የሚባል አንካሳ ወታደር ስሟን ሲሰማ ደነገጠ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«ፊደል ያስተማረኝ እሱ ነው፣ እናቴ። ምሽግ ውስጥ አፈር ላይ እየጻፈ። ክንዴ ላይ ነው ያረፈው።»

ደብሪቱ አልጮኸችም። «ብርድ ልብስ ነበረው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ኩማ አንገቱን ደፋ።

ኀዘኑ እንደ ተሰማ ብርቅዬ በቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ከባድ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ፣ ከባህል አዳራሽ እስከ መናኸሪያ ሰው እያያት መጣች። ባህሩ ያን ያረጀ ሹራብ ለብሶ ከኋላዋ ቆሟል። ደጃፉ ላይ ተንበረከከች።

«ወረቀታችሁን ይዞ ሲወጣ ጓሮ ጠርቶ ‘እግዚአብሔር ለልጃችን ምትክ በግ ላከለት’ አለኝ። ሂዱ ያልኩሽ ለዚያ ነበር፣ ደብሪቱ። ከዚያ በላይ ማለት አቃተኝ። የገዛ ልጄን በአፌ እንዴት ልስጥ?»

ደብሪቱ ተነሥታ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከብርቅዬ አንገት አወረደችው። «እኔ አንቺን ብሆን፣ ‘ሂዱ’ ማለትንም የምችል አይመስለኝም» አለች፤ ሁለቱም ተቃቅፈው መሬት ላይ ወደቁ። ያየ ሁሉ አለቀሰ። ባህሩ ከደብሪቱ እግር ሥር ሆኖ «እኔ ልጅ ልሁንልሽ፤ የሱን ያህል ባልሆንም…» አላት። ሹራቡን በመዳፏ ዳሰሰችው። ክርኑ ላይ ያለው መጣፊያ የራሷ እጅ ሥራ ነበር።

ወገኖቼ፣ ዕጣ ፈንታ የሚባለው ነገር በነጎድጓድ አይመጣም። በር ላይ ፈገግ ብሎ «ግቡ» ይላል። የሚያድነን ቃል አንዳንዴ ከተኮሳተረ ፊት ይወጣል፤ እኛም ተቀይመን እናልፈዋለን። ማን ያውቃል? ማንስ ሊያውቅ ይችል ነበር?

ደብሪቱ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሐዋሳ ትመጣለች። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ ዛሬ ሳትንተባተብ ታነበዋለች፤ ክፍሉን ትከራያለች፤ መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ በእጇ አንጥፋ ባዶውን ትተወዋለች። ባህሩ ዲላ ከእሷ ጋር ይኖራል፤ ገበያ ሽንኩርቷን ይሸከምላታል፤ «እማዬ» ይላታል።

በዚያ ሰኞ ባህሩ ቀረ። ፍቅሬ ሄደ።